ላንዢ የወለደቻት፣ እኔ ያስመዘገብኳት

እኛ ቻይናውያን የበሬው ዓመት የምንለው የዚያ ዓመት ብርድ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ ይታወሰኛል። ጉሙ ከሸለቆው ተነስቶ ይወጣና ሥራ እንደ ፈታ ጎረቤት ደጃፋችን ላይ ቁጭ ይላል። ጠዋት ውኃ ቀድቼ ስመለስ የጣቶቼ ጫፍ የእኔ አይመስለኝም ነበር። የተራራው ቼሪ ቅጠሉን አራግፎ ሮዝ አበባ ብቻ ለብሷል። ዛሬ ያን አበባ ለማየት ሰው በአውቶቡስ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የምናየው እኛና በቅሎዎቹ ብቻ ነበርን። ከታይዋን የመጣልን የሻይ ችግኝ ገና ከጉልበት አላለፈም። ከቻይናው ዩናን ተሸንፎ ወደዚህ የታይላንድ ተራራ ከተሰደደው ጦር የሆኑት፣ ጠመንጃ እንጂ ዶማ የማያውቁት ባሎቻችን ከንጋት ጀምሮ እርከን ይቆፍራሉ፣ ሲመሽ ወገባቸውን ይዘው ያቃስታሉ። ብርድ ነበር፣ አንዳንድ ቀን ረሃብም ነበር። ሆኖም በዚያ ወር ልቤ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ቤት፣ ተጠርጎ ይጠብቅ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አልወለድኩም።

ዱዋን ላንዢ የወለደችው በዚያ ወር ነው።

ላንዢ ከእኛ ቤት በታች፣ በቀርከሃ የተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበረች። እኛ ተራራውን ካቀናነው ብዙ ዓመት ቆይታ፣ የባሏን በቅሎዎች ተከትላ ከበርማ ወገን የመጣች ናት። ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ታንሳለች። ፊቷ ሰፊ፣ ሳቋ ወፍራም፤ ስትስቅ ማዶ እርከን ላይ ያለው ሰው ቀና ይላል። ለባሏ በቅሎዎች የአለቆቻችንን ማዕረግ አውጥታላቸው ነበር። «ጄኔራሉ ዛሬም ዳገት ሲያይ አመመኝ ብሎ ተኛ» ስትል፣ ዩናን ላይ የቆሰሉ ሽማግሌ ወታደሮች እንባቸው እስኪመጣ ይስቁላት ነበር። ባሏ ግን ወባ ይዞት፣ እሷ የአምስት ወር እርጉዝ ሆና ሞተ። በቅሎዎቹ ተሸጡ። ሳቋ ለጥቂት ጊዜ ጠፋ፤ ከዚያ ተመለሰ። አንዳንድ ሰው እንደዚያ ነው።

ከወለደች በሦስተኛው ቀን በራችን ተንኳኳ። በእኛ ባህል አራስ አንድ ወር ሙሉ ከደጅ አትወጣም፤ ነፋስ አጥንቷ ውስጥ ይገባል። እሷ ግን ራሷን በሟቹ ሻርፕ ጠምጥማ፣ ሕፃኗን በደረቷ አቅፋ፣ በዚያ ጉም ውስጥ ቆማለች።

«እትዬ፣ ለምን ወጣሽ እንዳትይኝ።»

«ለምን ወጣሽ?»

«እንዳትይኝ አልኩሽ እኮ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ይቺን ልጅ በወረቀት ውለጂልኝ» አለች።

ነገሩን ላስረዳ። ባሌ ፑ ለታይላንድ ጦር ተራራ ላይ ተዋግቶ፣ የግራ እግሩን ሦስት ጣት እዚያ ትቶ፣ ለሁለታችንም መታወቂያ አምጥቶልናል። ዘግይቶ የመጣ ሰው ግን መታወቂያ የለውም። መታወቂያ የሌለው ሰው ከታች መንገዱ ላይ ካለው ኬላ አያልፍም። ልጁም ከመንደራችን ትምህርት ቤት በላይ አይማርም። ስለዚህ በእኛ መንደር ወረቀት የሌላት ሴት ልጇን ወረቀት ባለው ቤት ታስመዘግባለች። እኔ የማውቀው ብቻ ሰባት ቤት ነው። ነውር ነው ያለ አልነበረም። ካንዱ አገር ወደ ሌላው ስንባረር የኖርን ሰዎች ነን፤ ወረቀት ለእኛ ዝናብ እስኪያባራ ከጎረቤት የሚዋሱት ጃንጥላ ነበር።

ፑ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ፣ «ሚስቴ እንደሆነች የሻይ ዘንግ አክላለች፤ ትናንት ወለደች ብል ማን ያምነኛል?» አለ።

«ጋሼ፣ ወረዳ ላይ ሆድ አይለኩም፤ ስም ነው የሚጽፉት» አለችው ላንዢ።

በሦስተኛው ሳምንት ሕፃኗን አዝዬ ወደ ወረዳ ወረድኩ። ጸሐፊው «የእናት ስም?» ሲለኝ የራሴን ተናገርኩ። ሱዪን ተባለች። ስንመለስ መኪናው ላይ ሕፃኗ ጣቴን ይዛ ተኛች፤ እኔም እስከ መንደር ድረስ ጣቴን ሳላንቀሳቅስ መጣሁ። ይህን ለላንዢ ነግሬያት አላውቅም።

ሱዪን የምታድገው እናቷ ዘንድ ነበር። ምሳ እኛ ቤት፣ እራት እሷ ቤት። እኔን «ትልቋ እማ»፣ ላንዢን «እማዬ» ትል ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላት፣ ከታች ቤት ለቤት መታወቂያ የሚያጣራ ሰው መጣ። እኛ ቅጠል አስጥተን ነበር። ሱዪን ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጥታ፣ ሰውዬው ፊት፣ ላንዢ ጉያ ገባችና «እማዬ፣ ራበኝ!» አለች።

ላንዢ ልጅቷን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ «ይቺ ልጅ እኮ ምግብ ያለውን ሁሉ እማዬ ትላለች፤ ጌታዬ፣ ይጠንቀቁ፣ ኪስዎ ውስጥ ብስኩት ካለ እርስዎንም ትልዎታለች» አለችው። ሰውዬው ሳቀ። ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ሲሄድ ላንዢ ልጅቷን ወደ ማስጫው ወስዳ፣ ፊቷ ተንበርክካ፣ ሁለት ትከሻዋን ያዘች።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ አክስትሽ ነኝ። እማዬ እሷ ናት።»

«እሺ። ቤት ውስጥስ?»

«ቤት ውስጥም።»

«ስንተኛስ?»

«ስንተኛም።»

«ለምን?»

«ከተሳሳትሽ ትልቋ እማን ያስሯታል፣ አንቺን ከትምህርት ቤት ያስወጡሻል፣ እኔን ወዲያ ማዶ ይወረውሩኛል። ሦስታችንም ያንቺ አፍ ውስጥ ነን።»

ለሰባት ዓመት ልጅ ይህን ነገረቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ማታውን ልብሷን በከረጢት ይዛ እኛ ቤት መጣች፤ ላንዢ ናት የላከቻት፤ አብራኝ ካደረች ምላሷ ይስታል ብላ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተችም። አንድ ቀን። ላንዢ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ጸጉሯን ትጎነጉንላት ነበር። «አክስቴ፣ አጠበቅሽው» ትላታለች ልጅቷ። ላንዢም ታላላዋለች። እኔ ምድጃው ላይ ጎንበስ እላለሁ። እውነቱን ልጻፍ፤ እማዬ ስባል ደስ ይለኝ ጀመር።

ሻዩ አደገ፣ ተራራው ተለወጠ። ላንዢ በምጣድ ቅጠል በማመስ የሚወዳደራት ጠፋ። ጋለ በተባለ ብረት ውስጥ ባዶ እጇን ትከትና፣ ቅጠሉ ሽታው ከሣር ወደ አበባ ሲዞር ታወጣዋለች፤ ሰዓት አትይዝም፣ በአፍንጫዋ ነው። ጎብኚዎች መምጣት ሲጀምሩ ሱቁ ውስጥ የምትቀዳላቸው እሷ ነበረች። ስለ ጄኔራሎቹ ይጠይቁናል፣ ስለ ጦርነቱ ይጠይቁናል፣ ፎቶ ያነሱናል። ሻዩን ማን አመሰው ብሎ የጠየቀ አላየሁም።

ሱዪን ከተማ ወርዳ ተማረች። ስትመረቅ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ላንዢ ኬላውን አታልፍም። ስመለስ መንገድ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ጫማዋ ምን ዓይነት ነው?»

«ጥቁር።»

«ተረከዝ አለው?»

«ትንሽ።»

«እግሯን አሟት ነበር?»

«ኧረ እኔ እንጃ፣ እግሯን አላየሁም።»

«እትዬ ደግሞ! ሙሉ ቀን ምን ስታዪ ዋልሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። እኔ እኮ ስሜ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ፣ የእገሊት እናት ሲባል፣ ሌላ ምንም አላየሁም ነበር።

ጁንሀዎ የሚባለው የታይዋን ልጅ ከጎብኚዎች ጋር ነው የመጣው። ሱዪን ለእረፍት መጥታ ሱቁን ስታግዝ አያት። በሦስት ቀን ውስጥ አምስት ጊዜ ተመላልሶ ሻይ ጠጣ። ላንዢ በአምስተኛው፣ «ልጄ፣ ሆድህ ሐይቅ ሆነ እኮ። ሻዩን ነው የወደድከው ወይስ ሲኒውን የምታጥበዋን?» አለችው። ልጁ ጆሮው ቀላ። ሱዪን «አክስቴ!» ብላ በፎጣ መታቻት። በሁለተኛው ዓመት ሽማግሌ ተላከ። እናቱ ወይዘሮ ሊን ራሷ መጣች፤ ትንሽዬ ሴት፣ ጨዋ። ሠርጉ በብርድ ወራት፣ እኛ ተራራ ላይ እንዲሆን ተቆረጠ። ሱዪን ወደ ታይዋን እንድትገባ ደግሞ ሁለቱ ሙሽሮች ለየብቻ በቪዛ ሹሞች ይጠየቃሉ፤ እናትሽ ማናት፣ ስሟ ማን ነው፣ ሠርጉ ላይ ማን የት ተቀመጠ፤ ፎቶውም ይታያል። መልሱ ከወረቀቱ ከተለየ ሁሉም ነገር ይበላሻል።

በእኛ ዘንድ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ለእናቷ ተንበርክካ በሁለት እጇ ሻይ ትሰጣለች። «እማዬ፣ ጠጪልኝ» ትላለች። እናት ስትጠጣ ልጇን ለቀቀቻት ማለት ነው። ያን ሻይ ያልጠጣች እናት ልጇ እንደ ጠፋችባት ይቆጠራል እንጂ እንደ ዳረች አይቆጠርም።

ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት፣ ከደረቀው ሻይ ላይ የቅጠሉን ዘንግ የምንለቅምበት ክፍል ውስጥ ከላንዢ ጋር ሰፌድ ለሰፌድ ገጥመን ተቀምጠናል። እጇን ሳታቆም ነው የጀመረችው።

«እትዬ፣ ወንበሩን አልፈልግም።»

«የምን ወንበር?»

«የእናትን ወንበር። እሱ ያንቺ ነው። ወረቀቱም ያንቺ ነው። ባለ ፎቶው እንደ ልቡ ያንሳችሁ። እኔ የምለምንሽ አንዲት ሲኒ ነው። ጠዋት፣ ሰዉ ሳይሰበሰብ፣ እዚህ ክፍል ላኪልኝ። እማዬ ትበለኝና ሻዩን ትስጠኝ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ትሂድ።»

«ለምን ራስሽ አትነግሪያትም?»

እጇ ቆመ። «እኔ በእጄ የዘጋሁትን አፍ? አሥራ ሰባት ዓመት አንዴ አልሳተችም። ነግሬያት እንደ ልማዷ ‹እሺ አክስቴ› ካለችኝ፣ እትዬ፣ እዚሁ እሞታለሁ። አንቺ ንገሪያት። አንቺን ትሰማለች።»

«እሺ» አልኳት። «እልካታለሁ።»

ማልኩላት እንኳ። ሰማይ ይስማኝ አልኳት።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ሙሽራዋን ያበጠርኳት እኔ ነኝ። ቤቱ ውስጥ ገና እኔና እሷ ብቻ ነን ያለነው፤ ጊዜ ነበረኝ። ይህን ማንም እንዳይሳሳት። ማበጠሪያውን ስይዝ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ቀይ ሪባኑን ስቋጥር እንደገና ከፈትኩ። ደጅ የወይዘሮ ሊን ባለ ፎቶ ይንጎራደድ ነበር፤ ለራሴ ‹ቢያያትስ? በኋላ ጥያቄ ላይ ቢያስነሳስ?› አልኩ። ሰበብ ነበር። ልጅቷ በመስታወት አየችኝና፣ «እማዬ፣ ሪባኑን ለምን ደጋግመሽ ትፈቺዋለሽ?» አለችኝ። ያኔ አንድ ነገር አሰብኩ። ብነግራት እዚያ ሄዳ እውነተኛውን ሻይ ትሰጣለች፤ ከዚያ ተመልሳ እኔ ፊት ስትንበረከክ የምትንበረከከው ለወረቀት ነው። ሃያ አራት ዓመት ያዋስኩትን ጃንጥላ ይዤ በፀሐይ የቆምኩ ሞኝ እሆናለሁ። አልቻልኩም።

«አክስቴስ የት ናት?» አለች ሱዪን።

«ማሳ ወርዳለች» አልኳት። «ትንሽ ቅጠል ቀርቷት ነው። ትመጣለች።»

ከደጃፋችን እስከ መልቀሚያው ክፍል ሠላሳ እርምጃ ነው።

ፑ ያን ጊዜ ጆሮው ደክሟል፤ አዲስ ኮቱን ለብሶ አጠገቤ ሲቀመጥ «ነገርሻት?» አለኝ፣ እሱ በቀስታ ያለ መስሎት፣ በጩኸት። «ነገርኳት» አልኩት። ፊቴን አየና ወደ መሬት አቀረቀረ።

ልጅቷ ተንበረከከች። «እማዬ፣ ጠጪልኝ» አለች። ጠጣሁ። ላንዢ ለሠርጉ ብላ ለብቻ ያመሰችው ቅጠል ነበር፤ ሽታው ተነስቶ ቤቱን ሞላው። ሲኒውን ወደ አፌ ሳደርግ ሰዎቹ አጨበጨቡ። አንድ ጠብታ ሳላስቀር ጨለጥኩት። ከዚያ ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ገቡ፣ ርችት ተተኮሰ። እኔም እንደ ወጉ ከኋላቸው አንድ ገንቦ ውኃ መንገዱ ላይ ደፋሁ፤ የተዳረች ልጅ የፈሰሰ ውኃ ናት፣ አይታፈስም፣ እንላለን።

ዞር ስል ላንዢ የክፍሉ በር ላይ ቆማለች። ለበዓል የምታወጣትን ሰማያዊ ጃኬቷን ለብሳለች። ጸጉሯን በዘይት አሽታ ወደ ኋላ ይዛዋለች። ከኋላዋ ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ ይንተከተካል። መንገዱ ላይ ያለውን እርጥብ አየች።

«ሄደች?»

«ሄደች።»

«ጊዜ አጥተሽ ነው አይደል?» አለችኝ።

ሰበቡን እሷው አዘጋጅታ በእጄ ሰጠችኝ። እኔም ተቀበልኳት።

«አዎ» አልኩ። «ሰዉ በዛብኝ። ጊዜ አጣሁ።»

«እሺ እትዬ» አለች። «ሰው ይበዛል፣ ሠርግ እኮ ነው።» ገብታ እሳቱን አጠፋች። ጃኬቷን አውልቃ አጣጥፋ፣ ሰፌዷን ይዛ ተቀመጠች፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ዘንግ ስትለቅም ዋለች። አጠገቧ ልቀመጥ ብዬ ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ታናግረኝ ነበር፤ ጨው አለሽ ወይ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ እንዲህ እንዲህ። ሳቋን ግን አልሰማሁትም።

በአሥራ አንደኛው ቀን የቀርከሃ ቤቷ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ወለሉ ተጠርጓል፣ ብርድ ልብሷ የለም። ወደ ታች በኬላው መሄድ ስለማትችል የሄደችው በላይኛው መንገድ፣ ወደ በርማ ወገን፣ ነጋዴዎች ቅጠል በሚያወርዱበት ነው። የኛ ሰው ሁሉ ለአዲስ ዓመት ዘመድ ልትጠይቅ ነው አለ። እኔም አልኩ።

ሱዪን በሦስተኛው ወር ስልክ ደወለች። «እማዬ፣ አክስቴን አቅርቢልኝ፤ የምነግራት አለኝ።» አርግዛ ኖሯል። የለችም አልኳት። የት ሄደች? አላውቅም። ለምን? ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት፣ ሲኒውን፣ መሐላዬን፣ ሠላሳ እርምጃውን።

«ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለች።

«ጠይቀሽኛል።»

«ማሳ ናት አልሽኝ።»

«አዎ።»

«መኪናው ሲወርድ መስኮቱን ከፍቼ በየእርከኑ ስፈልጋት ነበር። ሁሉም ቅጠል ለቃሚ ኮፍያ አድርጓል፣ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አቃተኝ። ለሁሉም እጄን አውለበለብኩ። ጁንሀዎ ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ እሷ ናት፣ አይታኛለች ብዬ ነው የሄድኩት።» አለቀሰች። «እማዬ ማለት እኮ አልረሳሁም። እንዳያስሯችሁ ነው።»

ከዚያ ወዲህም ትደውልልኛለች፤ መጥፎ ልጅ አይደለችም። ፑ ሲሞት መጥታ ቀበረችው። ግን በምንም አትጠራኝም። «ደህና ነሽ?» ትለኛለች፤ ያለ ስም።

ከሠርጉ በሦስተኛው ዓመት፣ በዘንዶው ዓመት፣ በዝናቡ ወራት፣ የመንደራችን ሻይ ነጋዴ ዩዌ ላንዢን በርማ ውስጥ ኬንግቱንግ ከተማ አያት። ከገበያው ጀርባ ባለ ኑድል ቤት ሳህን ታጥባለች። ጸጉሯ አጥሯል፣ ከስታለች። ስሟን ጠርቶ ሰላም ሲላት፣ «መንገዱ አሁንም በዝናብ ይናዳል?» ብላ ጠየቀችው። ይናዳል አላት። ሱዪን የልጅ ልጅ እንዳስገኘችላት ነገራት። እጇን በሽርጧ አድርቃ፣ «ወንድ ነው ሴት?» አለች። ሴት አላት። ባለቤቱ ጠራትና ገባች።

ዩዌ እንደተመለሰ ለሱዪን ደወልኩላት። ሱዪን ልጇን አዝላ በአሥራ ስድስተኛው ቀን እዚያ ደረሰች። የኑድል ቤቱ ባለቤት «ቻይናዊቷ ሴት ከአራት ቀን በፊት ሥራውን ለቃ፣ ጨው ከጫነ መኪና ጋር ወደ ታንግያን ከተማ መንገድ ሄዳለች» አላት። ሱዪን ታንግያን ድረስ ሄዳ ጠየቀች፤ የሚያውቃት አላገኘችም። ከዚያ ወዲህ ላንዢን ያየ ሰው የለም።